ለበሽተኛው ተብሎ የተወራ ወሬ

በዚያ ሰፈር ፀጉር አስተካካዩን ወላጆቹ ባወጡለት ስም የምትጠራው ሚስቱ ብቻ ነበረች፤ እሷም ስትቆጣ ነው። ለሌላው ሰው ሁሉ «ጋሽ ሰኞ» ነው። ስሙን ያወጣለት ሥራው ነው። ሰኞ ሰኞ ፀጉር ቤቱ ይዘጋል፤ እሱ ግን አያርፍም። ጥቁር የቆዳ ቦርሳውን አንጠልጥሎ፣ ከአልጋ መነሣት ያቃታቸውን ሰዎች ቤት ለቤት እየዞረ ጢማቸውን ይላጫል፤ ፀጉራቸውን ያስተካክላል። «ስንት ነው?» ብሎ እጁን ወደ ኪሱ የሚሰድ ሰው ካለ «ተወው፣ ሰኞ ነው» ይለዋል።

አጀማመሩ በደህና ልብ ነበር። አንድ የቆየ ደንበኛው በመኪና አደጋ ወገቡ ተጎድቶ ተኛ። የሰውዬው ሚስት አንድ ቀን በፀጉር ቤቱ በር ብቅ ብላ «ጢሙ ፊቱን ዋጠው፤ ልጆቹ እንኳ ሊስሙት ፈሩ» አለችው። ሄደና ላጨው። ሰውዬው መስታወት ሲያሳየው ጉንጩን እየዳሰሰ አለቀሰ። ጋሽ ሰኞ ያን ዕለት ወደ ቤቱ ሲመለስ እግሩ መሬት የረገጠ አልመሰለውም። ለማንም አልተናገረም፤ ለሚስቱም ቢሆን።

በጎ ሥራ ግን ተደብቆ አይቀርም። ወሬው ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። ሰባኪው አንድ እሑድ በስብከቱ መሀል «በመካከላችን ሰኞን እንደ እሑድ የሚያከብር ሰው አለ» አለ። ሰው ሁሉ ፈገግ ብሎ ዞረ። ጋሽ ሰኞ አንገቱን ደፋ፤ እንደ ደፋም በቅንድቡ ሥር ማን ማን እንዳየው አየ።

ነገሩ ሳይታወቀው የተጣመመው ከዚያ ወዲህ ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ። ድሮ ወደ ሕመምተኞቹ የሚሄደው በውስጥ ለውስጥ መንገድ ነበር፤ ይቀርባላ። አሁን በዋናው መንገድ፣ በዳቦ ቤቱ ሰልፍ ፊት ለፊት ማለፍ ጀመረ። «ወዴት ነው ጋሽ ሰኞ?» ሲሉት «ኧረ እዚህች ድረስ ነው» ይላል፤ ቦርሳውን ግን ሰልፈኛው በሚያይበት በኩል ያዞረዋል። አስቦበት አይደለም። ቢጠይቁት ያኛው መንገድ ጭቃ ስለሚበዛው ነው ይል ነበር፤ ለራሱም እውነት ይመስለው ነበር።

ከሰኞ ቤቶቹ ሁሉ አብልጦ የሚወደው የጡረተኛውን ሾፌር ቤት ነው። ጋሼ ሾፌሩ ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና መሪ ላይ የጨረሱ፣ ድምፃቸው ከሞተሩ የሚበልጥ ተረበኛ ሰው ነበሩ። ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን ይዞ አልጋ ላይ ጣላቸው። አንደበታቸውም ተያዘ፤ ቃል የሚወጣቸው አንድ በአንድ ነው፣ ጭኖ ዳገት እንደሚወጣ መኪና እያቃሰተ። ጨዋታቸው ግን አልሞተም።

«አሁን... በአንደኛ ማርሽ... ነኝ» ይላሉ።

የምታስታምማቸው አንዲት ልጃቸው ናት። መጋረጃ ትሰፋለች። የስፌት መኪናዋን ከአባቷ አልጋ ራስጌ አስጠግታ፣ በአንድ ዓይኗ ስፌቱን በሌላው አባቷን ስታይ ትውላለች። ክፍሉ በጨርቅ ስለሚሞላ፣ እንግዳ ሲመጣ መቀመጫ ለመስጠት የስንቱን ቤት መስኮት አጣጥፋ ማንሣት አለባት። «እርስዎ ባይኖሩልን ምን ይውጠን ነበር» ትለዋለች፣ ጋሽ ሰኞ ሥራውን በጨረሰ ቁጥር። ይህን ሳይሰማ ከዚያ ቤት ወጥቶ አያውቅም። ብትዘገይበት እሱም ቦርሳውን ሲዘጋ ይዘገያል።

ነገሩ እንዲህ ሆኖ ሳለ ከመንገዱ ማዶ ሌላ ፀጉር ቤት ተከፈተ። ባለቤቱ ሠላሳ ያልሞላው ዝምተኛ ሰው ነው፤ ለሰፈሩ አዲስ ስለሆነ «አዲሱ» ተብሎ ቀረ። ግድግዳውን ራሱ ቀባ፤ ወንበሩን ራሱ ጠገነ። ጋሽ ሰኞ በመጀመሪያው ቀን ተሻግሮ «እንኳን ደህና መጣህ፣ ሲሳይ የሚሰጥ ጌታ ነው» ብሎት ተመለሰ። ከልቡ ነበር። አንዳንድ ደንበኛ ወደ ማዶ ሲሻገር እንኳ ብዙም አልከፋውም። በገበያ በኩል ቅናት እንደሌለበት ሲያይ በራሱ ደስ አለው፤ ደስታውንም በጸሎቱ መሀል አነሣው።

አንድ ቅዳሜ ጋሼ ሾፌሩን ሾርባ ሲጠጡ ትን አላቸው። ሾርባው በጢማቸውና በአንገታቸው ላይ ፈሰሰ። ልጅቱ ብታጥበው ብታጥበው ጢማቸው ውስጥ የገባው አልለቅ አለ፤ ከአገጫቸው ሥር ያለው ቆዳም መቆጣት ጀምሮ ነበር። ወደ ጋሽ ሰኞ ሮጣ ብትመጣ ወረፋው እስከ በሩ ነው።

«የኔ ልጅ፣ እንደምታይው ነው። ሰኞ መቼም አልቀርም» አላት፣ ማበጠሪያውን ከሰው ራስ ላይ ሳያነሣ።

ስትወጣ አዲሱ ከማዶ አያት። ምን እንደ ሆነች ጠየቃት፤ ነገረችው። ወንበሩ ላይ የነበረውን ሰው ጨርሶ፣ ለሚጠብቁት ይቅርታ ጠይቆ፣ ሱቁን ቆልፎ ተከተላት። ቅዳሜ ለፀጉር አስተካካይ ምን ማለት እንደሆነ ፀጉር አስተካካይ ያውቀዋል።

ሰኞ ዕለት ጋሽ ሰኞ ቦርሳውን ይዞ ሲገባ ጋሼ ሾፌሩ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ፊታቸው ጥርት ብሏል፤ ፀጉራቸው ታጥቧል። ከብርድ ልብሱ የወጣው የግራ እግራቸው ጥፍር እንኳ በሥርዓት ተቆርጧል። እሱ ይህን ሁሉ ጊዜ ሲመላለስ እግራቸውን አይቶት አያውቅም።

«አዲሱ እኮ ነው» አለች ልጅቱ ደስ ብሏት። «እርስዎ ሥራ ላይ ስለነበሩ። ቅዳሜ ማታ ማታ ሱቁን ሲዘጋ እመጣለሁ ብሏል። እርስዎም ትንሽ ያርፉ እንጂ፣ ስንቱን ይችሉታል።»

ጋሼ ሾፌሩ ደኅናውን እጃቸውን አንሥተው ጉንጫቸውን ዳሰሱ። «እጁ... ጥጥ» አሉ።

«እሰይ፣ ጌታ ይባርከው» አለ ጋሽ ሰኞ። የሚላጭ ጢም ስላጣ ከጆሯቸው ኋላ ያለውን ፀጉር ነካ ነካ አደረገና ቦርሳውን ዘጋ። ያን ቀን «እርስዎ ባይኖሩልን» የሚል ቃል አልመጣም። ቆሞ ጠበቀ፤ ልጅቱ መርፌ ላይ ክር ለማስገባት ዓይኗን አጥብባ ነበር።

በር ድረስ ስትሸኘው ቆም አለ።

«አንድ ነገር ልንገርሽ። እንኳን መናገሩ ማሰቡም ይከብደኛል።»

«ምነው?»

«ለአባትሽ ብዬ ነው እንጂ የሰው ስም ማንሣት አልወድም። ያ ልጅ ለእያንዳንዱ ሰው ምላጭ የሚቀይር አይመስለኝም። ያን ዳቦ ጋጋሪ ከእሱ ዘንድ ወጥቶ አንገቱ እንዴት እንደ ቆሰለ አላየሽም? ለጤነኛ ሰው ምንም አይደለም። እንደ አባትሽ አቅም ላነሰው ሰው ግን...» ቀሪውን በእጁ ጨረሰው።

የልጅቱ ፊት ተለወጠ። «በአንድ ምላጭ?»

«ለማንም አትንገሪ ታዲያ። ወጣት ነው፣ ይማራል። ዝም ብለን እንጸልይለት።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። ወሬውን ክንፍ ያወጣለትም «እንጸልይለት» ያለው ቃል ነው። ልጅቱ አላማችም፤ የተነገራትን ነው ያደረገችው። በሴቶች የጸሎት ቡድን ውስጥ ተራዋ ሲደርስ «አንድ ወጣት ፀጉር አስተካካይ ጌታ በሥራው ጥንቃቄ እንዲሰጠው እንጸልይ» አለች። በሰፈሩ ስንት ወጣት ፀጉር አስተካካይ አለና ነው? ሴቶቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ጸለዩ፤ ዓይናቸውን ሲገልጡ ለባሎቻቸው ነገሩ፤ ባሎቻቸው ለልጆቻቸው አስጠነቀቁ። ቅዳሜ ማታ አዲሱ የሾፌሩን በር ቢያንኳኳ ልጅቱ በሩን ገርበብ አድርጋ «ተኝተዋል፤ ለሚቀጥለውም አትቸገር» አለችው። ብዙም ሳይቆይ የአዲሱ ወንበር ባዶውን መዋል ጀመረ።

የጋሽ ሰኞ ወረፋ ግን ረዘመ። በየቀኑ አንድ ሁለት የተመለሱ ፊቶች ያያል። በመጀመሪያ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ደስታው ግን አልቆየለትም። አንዱን ደንበኛ ሲያስተካክል ዓይኑ በመስታወቱ ውስጥ ወደ ማዶ ይሄዳል። አዲሱ ራሱ የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀምጦ መንገዱን ያያል። አንዳንዴ ይነሣና የጠረገውን ወለል መልሶ ይጠርጋል።

ጋሼ ሾፌሩም ዝም አላሉም። በተከታዮቹ ሰኞዎች በአንዱ፣ አረፋው ፊታቸው ላይ እንዳለ «ያ... ልጅ... የት... ሄደ?» አሉ።

«ሥራ በዝቶበት ይሆናል ጋሼ።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ከእሱ ላይ ሳይነቅሉ ቆዩ። ጋሽ ሰኞ ምላጩን ወደ አንገታቸው አውርዶ መልሶ አነሣና፣ ውሃ እንደሚፈልግ ሰው ወደ መስኮቱ ዞረ።

እቤት ደግሞ ሚስቱ አለች። ሚስቱ ነገር የምትናገረው ሌላ ሥራ እየሠራች ነው። እንዳትመልስላት ወይም እንድትመልስላት አታስገድድህም። አንድ ማታ ራት ላይ ዳቦ እየቆረሰች «አዲሱ ሊዘጋ ነው አሉ» አለች።

«ማን አለሽ?»

«የሱቁ ቤት አከራይ። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። በአንድ ምላጭ ይላጫል፣ የጋጋሪውን አንገት ያቆሰለው እሱ ነው ይላሉ። ጋጋሪው እኮ ስንት ዓመት ያንተ ደንበኛ ነበር። ከአንተ ዘንድም ሲወጣ አንገቱ እንደዚያው ሽፍ ይል ነበር። አንተው አይደለህ እንዴ ‹ቆዳው ነው፣ መልአክ ቢላጨውም ያብጣል› ያልከኝ?»

ጋሽ ሰኞ የቆረሰውን ሳህኑ ላይ መለሰው። አዎ፣ ብሎ ነበር። በር ላይ ቆሞ የጋጋሪውን አንገት ለልጅቱ ሲያነሣም ይህንኑ ያውቅ ነበር። አላወቅኩም፣ ተሳስቼ ነው ለማለት መውጫ አልነበረውም። አንድ ቀጭን እውነት ይዞ፣ በላይዋ ውሸት ደራርቦባት ነው የወጣው።

ከራት በኋላ እንደ ወትሮው አልጋው ጠርዝ ላይ ተንበረከከ። «ጌታ ሆይ፣ መቼም ለበሽተኛው ብዬ እንደሆነ አንተ ታውቃለህ» ብሎ ጀመረ። እዚያው ላይ ቆመ። ለሰው ሲነግረው እንዲያ ያማረ ቃል፣ ለሚያውቀው ሲነግረው አፉ ውስጥ እንደ አሸዋ ሆነ። ለበሽተኛው ብሎ ቢሆን ቅዳሜ ዕለት ማበጠሪያውን አስቀምጦ ይሄድ ነበር። ለበሽተኛው ብሎ ቢሆን የሽማግሌው ፊት ጥርት ብሎ ሲያየው ደስ ይለው ነበር። እሱ የፈለገው ሽማግሌው እንዲላጩ አልነበረም፤ እሱ እንዲላጫቸው ነበር። በዚህ መሀል የመጣው ጥያቄ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ሆነበት፤ ይሄ እንዲህ ከሆነ ከሰኞዎቹ ስንቱ ለማን ነበር? ጸሎቱን ሳይጨርስ ተነሣ። ሚስቱ መብራቱን ዝቅ አድርጋ ጋቢዋን ለብሳ ተኝታ ነበር፤ ወይም የተኛች መስላ።

በዚያው ሰሞን ሰባኪው ፀጉር ቤት መጥቶ በሚቀጥለው እሑድ ስለ አገልግሎት እንዲመሰክር ጠየቀው። «ወጣቶቹ ከአንተ ይስሙ» አለው። ጋሽ ሰኞ እንቢ ሊል አፉን ከፈተና አንድ ሐሳብ ብልጭ አለለት። እሺ ብሎ ይወጣል፤ እዚያው በሰው ሁሉ ፊት ጥፋቱን ይናዘዛል። ሁሉም ነገር በአንድ ቀን ይጠራል። እሺ አለ፤ ልቡም ቀለል ያለው መሰለው።

አንድ ቀን ማለዳ፣ ሱቁን ሳይከፍት፣ መዝጊያው እንደ ተዘጋ መስታወቱ ፊት ቆመና የሚለውን ማለማመድ ያዘ። «ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፣ በፊታችሁ የቆመው ደግ የምትሉት ሰው ሐሜተኛ ነው።» ጥሩ ነው። ድምፁን ትንሽ ዝቅ አድርጎ ደገመው። «ሐሜተኛ» ከማለቱ በፊት ትንሽ ቆም ቢል የበለጠ ልብ እንደሚነካ ተሰማው። ቆም ብሎ ደገመው። ዓይኑ እንባ አቀረረ። የፊተኛው ወንበር ላይ የሚቀመጡት እናቶች ሲያለቅሱ ታዩት፤ ሰባኪው መጥቶ ሲያቅፈው፣ ሰው ወደ ቤቱ ሲሄድ «እንዲህ ያለ ሰው የት ይገኛል፣ ራሱን በአደባባይ አዋረደ» ሲል ሰማ። ለሦስተኛ ጊዜ ሊደግመው ሲል መስታወቱ ውስጥ ያለውን ፊት አየው። ፊቱ በእንባው ደስ ብሎት ነበር።

በሥራው ብዙ ሰው በመስታወት ውስጥ አይቷል። ራሱን ሲያይ የሚወድ ሰው ምን እንደሚመስል ያውቃል። ፎጣውን አንሥቶ መስታወቱ ላይ ጣለበትና ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። ስለ አዲሱ በዚያ ንግግር ውስጥ ምን እንዳለ ለማስታወስ ሞከረ። ምንም አላለም ነበር። ልጁ የንስሐው ጌጥ እንጂ ሰው ሆኖ አልገባበትም።

ያን ዕለት ሰባኪውን አግኝቶ «እሑድ አልናገርም፤ የምናገርበት አፍ የለኝም» አለው።

ሰባኪው ትከሻውን ያዘው። «ይህ ትሕትናህ ራሱ ስብከት ነው» አለው።

ጋሽ ሰኞ ትከሻውን አስለቅቆ ሄደ።

ሰኞ ወደ ሾፌሩ ቤት ሄደ። ቦርሳውን ሳይከፍት ልጅቱ የስፌት መኪናዋን እንድታቆም ለመናት። ከዚያ ነገራት። አሳጥሮ ነገራት፤ በማስረዘም ውስጥ ምን እንደሚደበቅ አሁን ፈርቷል። ጋጋሪው ቆዳው እንደሆነ፣ ይህን እያወቀ እንዳወራ፣ አዲሱ በአንድ ምላጭ ሁለት ሰው ሲላጭ አንድም ቀን እንዳላየ ነገራት።

ልጅቱ የያዘችውን መጋረጃ ጉልበቷ ላይ ጨመደደችው። ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ ግን ደረቀ።

«እኔ ለጸሎት አቅርቤዋለሁ። በጌታ ፊት፣ በሰው ፊት። እኔን ሐሜተኛ አድርገውኝ እርስዎ ‹እንጸልይለት› ብለውኝ ሄዱ። ልጁ በሩ ላይ ቆሞ ‹ጋሼ ደህና ናቸው?› ሲለኝ ፊቱ ላይ ነው የዘጋሁበት።»

«አውቃለሁ።»

«ለምንድን ነው? ምን አደረገዎት?»

«ምንም። የእግራቸውን ጥፍር ቆረጠ።»

ይህን ሲል አልጋው ላይ እንቅስቃሴ ሆነ። ጋሼ ሾፌሩ ሁሉንም ሰምተዋል። አፋቸው ተጣጣረ፤ ሁለቱም ጠበቋቸው።

«አውቄ... ነበር» አሉ። «ሁሉን... ባይሆን... ሽታውን።»

ጋሽ ሰኞ አቀርቅሮ «ጋሼ፣ ስመላለስ የኖርኩት ለእርስዎ አልነበረም ማለት ነው» አለ።

ሽማግሌው ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው። «ጢሙ... ለምን... እንደ ተላጨ... አያውቅም። እኔ... ደስ... ብሎኛል። አንተ... ግን... ወደ ልጁ... ሂድ።»

መንገዱን መሻገር ከዚያ በፊት ከባድ መስሎት አያውቅም። አዲሱ ደንበኛ የመጣለት መስሎት መጥረጊያ በእጁ ይዞ ከወንበሩ ብድግ አለ፤ ማን እንደሆነ ሲያይ ግራ ገባው።

«ስለ አንተ ያወራሁት እኔ ነኝ» አለ ጋሽ ሰኞ ከበሩ ሳይርቅ። «ምላጭ አይቀይርም ያልኩት። ውሸት ነው፤ ውሸት እንደሆነም አውቅ ነበር።»

አዲሱ መጥረጊያውን እንደ ያዘ ቀረ። «ምን በድዬዎት?»

«ቀናሁ። በገበያህ አይደለም። በሾፌሩ ነው።»

ከዚያ አዲሱ መጥረጊያውን ግድግዳ አስደግፎ፣ ቀስ ብሎ እንዲህ አለ፦ «እኔ እኮ የራሴ ነገር መስሎኝ ነበር። ግድግዳውን ሁለተኛ ቀባሁት። አዲስ ፎጣ ገዛሁ። ትንፋሼ ይሸት ይሆን ብዬ እኅቴን ጠየቅኳት። ጌታን ‹ምን አጥፍቼ ነው የምትቀጣኝ› እያልኩ ከረምኩ። ለካ እርስዎ ኖረዋል።»

ጋሽ ሰኞ ከዚህ ሁሉ «ጌታን» ያለው ቃል ነው ያደቀቀው። በአንድ ልጅና በአምላኩ መካከል ገብቶ፣ እጁን ደብቆ ሲመታ መክረሙን ያኔ አየ።

«ይቅርታ አድርግልኝ።»

«አሁን አልችልም» አለ አዲሱ። ጭካኔ አልነበረበትም፤ የሌለውን ዕቃ «የለኝም» እንደሚል ባለ ሱቅ ነው ያለው። «ወሬው የደረሰበት ቦታ ሁሉ ሄደው ስሜን ይመልሱልኝ። የቀረውን ከዚያ በኋላ እናያለን።»

ጋሽ ሰኞ ወሬውን ሊመልስ ወጣ። የጸሎት ቡድኑን ሴቶች፣ ዳቦ ቤቱን፣ የቤት አከራዩን፣ ሁሉንም ዞረ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ያሉት ሰዎች ምን ማለታቸው እንደሆነ አሁን ገባው፤ ሊሰበስበው የወጣው ነገር እጁ ላይ ቅርጹን ይለውጥበት ጀመር። «እኔ ነኝ የዋሸሁት» ሲል የሚያምነው ጠፋ። አንዷ እናት እጁን ይዛ «የኔ ጌታ፣ ልጁን ለማዳን ብለህ ራስህን ታጠቁራለህ፤ ድሮም የሰው ሸክም መሸከም ልማድህ ነው» አለችው። የቤት አከራዩ ሳቀ። «አንተማ ለጠላትህም ትመሰክራለህ» አለው። ጋጋሪው ብቻ አንገቱን እያከከ «እኔ እኮ ቆዳዬ ነው ስላቸው የሚሰማኝ አጣሁ» አለ።

ወደ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ልብስ ታጥፋለች።

«አያምኑኝም» አላት። «በተናገርኩ ቁጥር ይበልጥ ያመሰግኑኛል።»

«ምን ታደርግ፣ ስንት ዓመት የገነባኸው ነው» አለች፤ ትንሽ ቆይታም «እኔ አምንሃለሁ» ብላ ጨመረች። ከዚያ ሁሉ ምስጋና ይልቅ ይህች ቃል አሳመመችውም፣ አሳረፈችውም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ መንገዱ በገበያተኛ ሲሞላ፣ ጋሽ ሰኞ ወረፋ የያዙትን ደንበኞቹን «ትንሽ ጠብቁኝ» ብሎ ወጣ። በሩን ክፍት ተወው። ሁሉም እያዩት መንገዱን ተሻግሮ አዲሱ ዘንድ ገባና በመስኮቱ በኩል ባለው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ጢሜን ላጨኝ» አለው።

አዲሱ አየው። ከዚያ ወደ መስኮቱ አየ፤ ከማዶ የጋሽ ሰኞ ደንበኞች በር ላይ ወጥተው ቆመዋል፤ ዳቦ የያዙ ሴቶችም ቆም ቆም ብለዋል። ምንም ሳይል አዲስ ምላጭ ከወረቀቱ አውጥቶ ገጠመ። አረፋውን ቀባው። ምላጩ ጉሮሮው ላይ ሲደርስ ጋሽ ሰኞ ዓይኑን ጨፈነ።

«ይሄም ለመታየት ነው?» አለው አዲሱ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አዎ» አለ ጋሽ ሰኞ። «ዛሬ አንተ እንድትታይ ይመስለኛል። ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ስለ ራሴ እርግጠኛ መሆን አቁሜያለሁ።»

አዲሱ መላጨቱን ቀጠለ። ጨርሶ ፊቱን በሞቀ ፎጣ ሲጠርግለት ግን እጁ እውነትም ጥጥ ነበር። ሾፌሩ አልዋሹም።

ጋሽ ሰኞ ተነሥቶ ሲወጣ፣ ከራሱ ደንበኞች አንዱ «በል እንግዲህ እኔም ልሞክረው፣ የእናንተ ወረፋ አያልቅም» ብሎ ተሻገረ። ሰፈር ንግግር አልሰማ ሲል ዓይኑን ያምናል። አዲሱ ሱቁን አልዘጋም። ገበያው በአንድ ጊዜ አልተመለሰም፤ አንዳንዱ ሰው እስከ ዛሬም ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ «ምላጩ አዲስ ነው አይደል?» ይላል። ጋሽ ሰኞ ያን ጥያቄ ከማዶ ባይሰማውም እንደሚጠየቅ ያውቃል። ወጣቱ ተበሳጭቶ አያውቅም፤ የምላጩን ወረቀት እያሳየ ይቀድደዋል። የይቅርታው ነገር ደግሞ በወግ በማዕረግ አልተነገረም። አንድ ቀን አዲሱ የማሽኑ ገመድ ተበጥሶበት ሊዋስ ተሻገረ፤ ሲመልስ «አመሰግናለሁ ጋሼ» አለው። «ጋሼ» ያለው የመጀመሪያ ጊዜው ነበር። ከዚያ ያለፈ ወዳጅነት አልመጣም፤ ጋሽ ሰኞም አልጠየቀም።

ልጅቱ በበኩሏ አዲሱን ሄዳ ይቅርታ ጠየቀችው፤ ለጸሎት ቡድኑም እንደገና ተናገረች። አሁን ሐሙስ ሐሙስ አዲሱ፣ ሰኞ ሰኞ ጋሽ ሰኞ ወደ ሾፌሩ ይሄዳሉ። ልጅቱ ለጋሽ ሰኞ ሻይ ታቀርባለች፤ «እርስዎ ባይኖሩልን» ማለት ግን ትታለች።

ያ ቃል ሲቀር ነው የሰኞ ሥራ ምን ያህል እንደሚከብድ ያወቀው። አንዳንድ ሰኞ ማለዳ ቦርሳውን አንሥቶ መልሶ ያስቀምጠዋል። በሩ ላይ ቆሞ «ዛሬ የምሄደው ለማን ነው?» ብሎ ልቡን ይመረምራል፤ አንድ ምክንያት ሲያወጣ ከሥሩ ሌላ ያገኛል። ለጌታ ብሎ ያገኘው መስሎት ደስ ሲለው፣ ደስታው ራሱ ወደ ዱሮው መስታወት ይመልሰዋል። ሕመምተኛ ሁሉ እየጠበቀው እሱ ልቡን ሲፈትሽ ያረፍዳል። እንዲህ ሆኖ ሾፌሩ ቤት ሁለት ሰኞ ቀረ።

በሦስተኛው ሄደ፤ ይቅርታ ለመጠየቅ እንጂ ለመላጨት አልነበረም። ቦርሳውን አልያዘም።

«ጋሼ፣ ለጊዜው ልቅር ብዬ ነው» አላቸው አልጋው አጠገብ ተቀምጦ። «ልቤ ንጹሕ አይደለም። እሱ እስኪጠራ ድረስ አዲሱ ይሥራልዎት።»

ጋሼ ሾፌሩ አንደበታቸው በዚያ ሰሞን ትንሽ ተሻሽሎ ነበር። ቢሆንም ቃሉን ለመሰብሰብ ጊዜ ወሰዱ። በግራ እጃቸው አገጫቸውን ያዙ።

«እሱን ከጠበቅኩ... ጢሜ... ጉልበቴ ይደርሳል» አሉ።

ልጅቱ ስፌቱ ላይ እንዳቀረቀረች ሳቋ አመለጣት። ጋሽ ሰኞ ላለመሳቅ ታገለ፤ አልቻለም። ሳቁ ሲያልቅ ዓይኑ እንደ ረጠበ አወቀ፤ ማንም ያየው እንደሆነ ዞሮ አላየም።

«ቦርሳዬን አልያዝኩም» አለ።

«ቤትህ... ቅርብ... ነው» አሉ ሽማግሌው።

ተነሥቶ ቦርሳውን ሊያመጣ ወጣ። መንገድ ላይ እየሄደ «ጌታ ሆይ፣ ማረኝ፤ ሳልጠራም ቢሆን ልሂድ» አለ፤ ድምፅ አውጥቶ አልነበረም። ሲመለስ ልጅቱ ውሃ አሙቃ ጠበቀችው። ከመላጨቱ በፊት ብርድ ልብሱን ከእግራቸው ገለጥ አደረገና ጥፍራቸውን አየ። አድጎ ነበር። መቁረጫውን ከቦርሳው አወጣና ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ከትንሿ ጣት ጀመረ።